ጽዋ የሌለው ማኅበር

በአገራችን መጠጥ ለብቻ ተብሎ የሚሰናዳ ነገር አይደለም። ጠላው የሚጠመቀው፣ ጠጁ የሚጣለው፣ አረቄው የሚወጣው ለሰው ነው። ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ ደቦው፣ የወር ማኅበሩ ሁሉ ያለ መጠጥ ጎዶሎ መስሎ ይታያል። በጎንደር ኮረፌ፣ በደቡብ ቦርዴ፣ በከተማው ቢራ፤ ስሙና ጣዕሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚቀዳው በሰው መሐል ነው። የቤቱ እመቤት እንግዳዋን «በሞቴ አንድ ድገም» ስትለው መጠጥ ማቅረቧ ብቻ አይደለም፤ «ከእኛ አንዱ ነህ» ማለቷ ነው። ብርሌውን የሚመልስ ሰውም የሚመልሰው ጠጁን ብቻ ሳይሆን ይህንን ቃል ጭምር ይመስላል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው በመጠጥ ሕመም ተይዞ መተው ግድ ሲሆንበት የሚተወው ብርጭቆውን ብቻ አይደለም። ከብርጭቆው ጋር ወንበሩን፣ በወንበሩ ዙሪያ የሚቀመጡትን ወዳጆቹን፣ ቀልዱን፣ የማታውን ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት የሚጠራበትን የቁልምጫ ስም ሁሉ ይተዋል። «ተው» ማለት ለመካሪው ቀላል ነው። ነገር ግን ሰው ያለ ሰው አይኖርምና፣ የተወውን ማኅበር የሚተካ ሌላ ማኅበር ያላገኘ ሰው፣ ቀኑ ይርዘም ይጠር እንጂ ወደ ፊተኛው መመለሱ አይቀርም። ማኅበር ያስለመደውን የሚያስተወው ማኅበር ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ይህንን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ታላቅ ወንድሜን ተከትዬ በገባሁበት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባኛል። ወንድሜ ስለ እርሱ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጽፍም። በዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁትን የሌሎች ሰዎች ታሪክም አልተርክም። የቤቱ ሕግ እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል የሚል ነው። ከሰው አንደበት ቃል እየለቀመ ለሚኖር የተውኔት ጸሐፊ ይህ ቀላል ሕግ አይደለም። አንባቢም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሰካራም ገድል ቢፈልግ አያገኝም፤ የሚያገኘው የአንድን ማኅበር አሠራርና የአንድን ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነው።

ወንድሜን ጋሼ እለዋለሁ፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ለሃያ ስድስት ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሯል። ተማሪዎቹ ከምንም በላይ የሚያስታውሱት ያለ ኮምፓስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚስለውን ክብ ነበር። ጠመኔውን ይዞ ክንዱን አንዴ ሲያዞር መነሻውና መድረሻው ሳይዛነፍ ይገጥማል፤ ክፍሉም ያጨበጭባል። ሕመሙ መጀመሪያ የታየው በዚህ ክብ ላይ ነው። እጁ ጧት ጧት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ክቡ አልገጥም አለ። ከጊዜ በኋላም ክቡን በኮምፓስ ይሥል ጀመር። ምክንያቱን ከቤተሰቡ ቀድመው የተረዱት ተማሪዎቹ ነበሩ።

መጠጡን የጀመረው እንደማንኛውም ሰው ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ነበር። ደመወዝ በተከፈለበት ቀን፣ ቀጥሎም ዓርብ ዓርብ፣ ቀጥሎም ማታ ማታ። በመጨረሻ ግን የሆነው ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ለጨዋታ ብሎ ከሰው ጋር የተቀመጠው ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በሩን ዘግቶ ለብቻው የሚጠጣ ሆነ። ጧት የሚጠጣው ለደስታ ሳይሆን የእጁን መንቀጥቀጥ ለማስቆም ነበር። ሕመሙ በማኅበር በር ያስገባና በብቸኝነት በር ያስወጣል። ባልደረቦቹም ቀስ በቀስ ሸሹት፤ እነርሱ ጠጥተው ወደ ቤታቸው የሚገቡ ሰዎች ነበሩና።

ቤተሰቡ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። እናታችን ጠበል ወሰደችው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩት። እርሱም ማለ፤ ሲምልም ከልቡ ነበር። በመጨረሻም አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር በራሱ ቁርጥ ሐሳብ መጠጡን ጨርሶ አቆመ። በሁለተኛው ቀን ሌሊት ሰውነቱን አንቀጠቀጠው፤ ራሱን ስቶ ወደቀ። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት አደረስነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በመጠጡ ተጭኖ የኖረው አንጎል ጭነቱ ሲነሣለት ከልክ በላይ ይነቃቃል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥና ላብ፣ ቀጥሎ ራስን ስቶ መውደቅ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ከባድ መቃዠት ሊከተል ይችላል። ያለ ሕክምና ሞትን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» ማለት አደገኛ ምክር ነው። መተው ያለበት በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒትና ታያሚን በተባለው ቫይታሚን እየተረዳ ነው።

ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ያለኝን ዛሬም አልረሳውም። «መጠጡን ከሰውነቱ አውጥተናል። አሁን የቀረው ሰዓቱ ነው። ለመሆኑ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከማን ጋር ይቀመጣል?» አለኝ። ጥያቄው የሕክምና ሳይሆን የኑሮ ጥያቄ ነበር። ከእናቱ ጋር እንዳልል፣ እናታችን በ1 ሰዓት ትተኛለች። ከእኔ ጋር እንዳልል፣ የእኔ ሥራ የሚበዛው መድረክ በሚከፈትበት በዚያው ሰዓት ነው። ደግሞስ ወንድም ጠባቂ እንጂ ጓደኛ ይሆናል?

የማኅበሩን መኖር የነገረችን የሆስፒታሉ ነርስ ናት። በትንሽ ወረቀት ላይ የስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ። በከተማችን የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ የሌለበት ጎዳና ለማግኘት ያስቸግራል፤ የዚህ ቤት በር ግን ምልክት የለውም። ደወልኩ። የመለሰልኝ ሰው የራሱን ስም ብቻ ነገረኝ፤ የእኔን አልጠየቀኝም። ስለ ወንድሜ ረዘም አድርጌ አስረዳሁት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«እሱ ራሱ መምጣት ይፈልጋል?»

«ይፈልግ ይሆናል።»

«እንግዲያስ እሱ ራሱ ይደውልልን።»

ወረቀቱ በጋሼ የኮት ኪስ ውስጥ ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደወለ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነበር።

ስብሰባው ሐሙስ ማታ በ12 ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በዘፈቀደ የተመረጠ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳሁ፤ ብርጭቆ የሚነሣበት ሰዓት ነው። አንዳንዱ ስብሰባ ለጠጪዎቹ ብቻ ሲሆን፣ ቤተሰብም ሆነ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሊያዳምጥ የሚችልበት ክፍት ስብሰባም አለ። ያን ቀን ክፍት ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ጋሼ ከበሩ ፊት ቆመ።

«ተማሪዬ ቢኖርስ?» አለኝ።

«ቢኖር እሱም ‹መምህሬ ቢመጣስ› እያለ ነው ጋሼ» አልኩት።

ገባን። ተማሪው ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን አልጽፍም።

ለመሆኑ ይህ ዓይነቱ ማኅበር ከየት መጣ? መነሻው አሜሪካ ነው። እ.አ.አ. በ1840 በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች መጠጥ ቤት ውስጥ ተማምለው የዋሽንግተናውያን ማኅበር የሚባለውን አቋቋሙ። ጠጪ ለጠጪ የራሱን ታሪክ እየነገረ ብዙ ሺህ ሰው ተከተላቸው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ መጠጥን በሕግ ስለመከልከልና ስለመሳሰለው የዘመኑ ክርክር ውስጥ ገብቶ ስለተከፋፈለ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ።

ከዘጠና አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.አ.አ. በ1935፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለሥራ ወደ አክረን፣ ኦሃዮ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈበት። ባረፈበት ሆቴል ከመጠጥ ክፍሉ የሚመጣውን ሣቅ እየሰማ ሳለ፣ ሊያድነው የሚችለው ነገር እንደርሱ ካለ ሌላ ጠጪ ጋር መነጋገር እንደሆነ ታወቀው። ወደ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት ስልክ እየደወለ እንዲያገናኙት ጠየቀ። ያገናኙት ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ነበር። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ለማነጋገር ተስማምቶ መጣ፤ ሰዓታት አለፉ። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ሰኔ ወር፣ በፈረንጆቹ ጁን 10 ቀን 1935፣ አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚነካው ነገር የሚከተለው ነው። ዊልሰን ከዚያ በፊት በኒው ዮርክ ብዙ ጠጪዎችን ሊረዳ ሞክሮ አንዱም አልተወለትም። ነገር ግን በእነዚያ ወራት እርሱ ራሱ አልጠጣም። ሊረዳ የሄደው ሰው ነው የተረዳው። የማኅበሩ አሠራር በሙሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ስሚዝን ብዙ ሰው መክሮት ነበር፤ እንደርሱ የታመመ ሰው መጥቶ «እኔም እንዲህ ነበርኩ» ያለው ግን የመጀመሪያው ዊልሰን ነው። የእኛ አባቶች የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ያሉት ለዚህም ይስማማል።

መጽሐፋቸው እ.አ.አ. በ1939 ታተመ፤ ዐሥራ ሁለቱ እርምጃዎች የሚባሉትም በዚያ ወጡ። በ1950 ደግሞ የማኅበሩን መተዳደሪያ የሚወስኑ ዐሥራ ሁለት ልማዶች ጸደቁ። ከዋሽንግተናውያን ውድቀት አንጻር ሲታዩ ልማዶቹ ብልኅነት አላቸው። ማኅበሩ በውጭ ጉዳይ አቋም አይወስድም፤ ከማንም ጋር አይከራከርም፤ ከውጭ ሰው ገንዘብ አይቀበልም፤ የክፍሉን ኪራይ የሚከፍሉት አባላቱ በሚያዋጡት ነው። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። አለቃ የለም፤ አገልጋይ ግን አለ። በ1951 የጠጪዎች ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት አል-አኖን የተባለ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የዊልሰን ሚስት ሎይስ ናት። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም በ1956 የመጠጥ ሱስን እንደ ሕመም እንዲታይ አደረገ።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። መድረክ የለም፤ ጠረጴዛ የለም። በጥግ በኩል ቡናና ሻይ አለ። አንዱ ይናገራል፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ሲጨርስ ማንም አይመልስለትም፣ አይመክረውም፣ አይገሥጸውም፤ «እናመሰግናለን» ይባልና ቃሉ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በተውኔት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚናገረው ሌላው እንዲመልስለት ነው፤ ጭውውቱ የሚንቀሳቀሰው በመልስ ነው። እዚህ ግን መልስ አለመኖሩ ነው ሰውየውን የሚያናግረው። ለሃያ ዓመት ምክር ሲወርድበት የኖረ ሰው፣ ምክር የሌለበት ክፍል ሲያገኝ አንደበቱ ይፈታል። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አልተናገረም። በሁለተኛውም አልተናገረም። በሦስተኛው ስሙን ተናግሮ ተቀመጠ። በአራተኛው ስለ ክቡ ነገራቸው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ሥርዓት በአማርኛ ሲነገር የሚገጥመው ነገር ደግሞ ለቋንቋ ሰው ትኩረት የሚስብ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ ስም ነው። በማኅበሩ ልማድ ሰው የሚጠራው በስሙ ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን ስም ብቻውን አይቆምም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይከተለዋል። አቶ አለ፣ ጋሼ አለ፣ መምህር አለ፣ ዶክተር አለ። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ወጣት አንድን አዛውንት በባዶ ስሙ ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም። በዚህ ቤት የተገኘው መፍትሔ መካከለኛ ነው፤ ማዕረግ ሁሉ በር ላይ ይቀራል፣ ጋሼና እትዬ ግን ይገባሉ። ሰዎቹ ማዕረግና ዝምድና አንድ አለመሆናቸውን ለይተዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግሥ ነው። በአማርኛ «መጠጥ ተውኩ» ስንል ነገሩ ያለቀ፣ የተዘጋ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ «ተውኩ» ሲባል ብዙ አይሰማም፤ «ዳንኩ»ም አይባልም። የሚባለው «ዛሬ አልጠጣሁም» ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ላለመጠጣት አይምልም፤ እስከ ነገ ማታ ላለመጠጣት ያስባል እንጂ። በሽማግሌ ፊት ለዘለዓለም የማለው ጋሼ መሐላውን መሸከም አልቻለም ነበር። አንድ ቀን ግን ሊሸከሙት የሚችሉት ክብደት ነው።

ሦስተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። እርምጃዎቹ ሰው ከራሱ በላይ በሆነ ኃይል እንዲታመን ይጠይቃሉ፤ ያም ኃይል እያንዳንዱ እንደሚረዳው ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚያማትብ አለ፣ ዱዓ የሚያደርግ አለ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥም አለ። ከእርምጃዎቹ መሐል ሰው የበደላቸውን በዝርዝር ጽፎ፣ መካሥ የሚቻለውን ሄዶ እንዲክስ የሚያዘው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንስሐንና ካሣን፣ ዕርቅንና ሽምግልናን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ የቤቱ ቋንቋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን በዓል ሲቃረብ የሚደረገው ነገር ነው። ገና ሲደርስ አባላቱ የሰርጉንና የበዓሉን ቤት አንድ በአንድ አንሥተው ይለማመዳሉ። አንዱ የአክስትን ቦታ ይይዛል፤ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ዓመት በዓል አይደለም ወይ?» ይላል። ሌላው ብርሌውን ሳያስቀይም እንዴት እንደሚመልስ ይሞክራል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ያለው ያልፋል። «ትንሽ አሞኝ ነበር» ያለውን አክስቲቱ «እንግዲያስ ያሽልሃል!» ብላ ትረታዋለች፤ ክፍሉ በሣቅ ይፈርሳል። ዕድሜዬን ሙሉ የተዋናይ ልምምድ ሳይ ኖሬያለሁ፤ በዚህ ልምምድ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ግን ጭብጨባ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው።

የጋሼ መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። በየካቲት ወር፣ አራት ወር ሳይጠጣ ከቆየ በኋላ፣ ከአንድ ለቅሶ ቤት ሲመለስ ጠጣ። ሦስት ቀን ጠፋ። ቤት ውስጥ የነበረውን ሐዘን አልዘረዝርም። በአራተኛው ቀን ሐሙስ ነበርና፣ ያን የወረቀት ቁጥር የመለሰልኝ ሰው መጥቶ በሩን አንኳኳ። «ዛሬ ስብሰባ አለን» አለው፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ጋሼ ፊቱን ታጥቦ ተከተለው። እዚያም ማንም የት ነበርክ አላለው። ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ተጀመረ። የሒሳብ መምህር ነውና ይህንን በሚገባ ተረዳው፤ «ከዜሮ መጀመር ማለት የተማሩትን መርሳት አይደለም» አለኝ።

ስለ ውጤቱ የሚታወቀውን በሚዛን ማቅረብ ተገቢ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.አ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ከዐሥር ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሯል። በሥርዓት የተመራ የዐሥራ ሁለቱ እርምጃዎች ፕሮግራም፣ ሰው ሳያቋርጥ ከመጠጥ እንዲርቅ በማድረግ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች ይልቅ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ለሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። መጥቶ የሚቀር አለ፤ አነጋገሩ የማይስማማውም አለ። የሐኪምንም ቦታ አይተካም። ማኅበሩ የሚሰጠው ሐኪሙ የለኝም ያለውን ነው፤ ይኸውም የማታውን ሰዓት።

አንድ ጉዳይ ቀርቶ ነበር፤ የእናታችን ማኅበር። እናታችን በወር በገባ በ21 የሚውል የማርያም ጽዋ አላት፤ ተራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ተረኛ ነበረች። ጋሼ በዚያው ግቢ ይኖራል። ጠላው የሚጠመቀው፣ ጌሾው የሚሸተው፣ ድፍድፉ ጋን ሙሉ ሆኖ የሚሰነብተው ከመኝታ ቤቱ ጎን ነው። ለሳምንታት ማንም ስለዚህ አልተናገረም። በመጨረሻ እናታችን ነጠላዋን ለብሳ ወደ ማኅበሩ ሙሴ ሄደች። ምን እንዳለችው በኋላ ነገረችኝ።

«ጽዋው የማርያም መዘከሪያ ነው እንጂ የጌሾ አይደለም። ዘንድሮ ብርዝ ልቅዳ?»

ሙሴው ከካህኑ ጋር ተማከረና ፈቀደ። ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጽዋው በብርዝ ተሞልቶ ዞረ። ከሴቶቹ አንዷ «ብርዝ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም» አለች። እውነቷን ይሁን ለትሕትና አላውቅም። ጋሼ ያን ቀን ከክፍሉ ወጥቶ ከማኅበርተኞቹ ጋር ተቀመጠ። ጽዋው ሲደርሰው በሁለት እጁ ተቀበለ። የእናቴ ዐይን ከእጁ ላይ አልተነሣም፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ይህንን የምጽፈው ለመምህራን፣ በኃላፊነት ላይ ላሉ ሰዎችና ለኪነ ጥበብ ባልደረቦቼ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.አ.አ. በ2019 በዓለም ላይ በመጠጥ ሳቢያ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው። ሕግ ግን ማስታወቂያ ያነሣል እንጂ ወንበር አያቀርብም።

የቀረውን ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው። እኛ የመድረክ ሰዎች ሰካራምን ስናቀርብ የምናውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እየተንገዳገደ ይገባል፣ አዳራሹ ይሥቃል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ የተቀመጠ ሰው መኖሩን የሚያስታውስ ገጸ ባሕርይ እስካሁን ብዙም አላየሁም። የሥዕል ዐውደ ርዕይና የመጽሐፍ ምረቃ ስናሰናዳም ከወይኑ አጠገብ ብርዝና ቡና ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም። መምህራን ደግሞ የባልደረባቸው እጅ ጧት ሲንቀጠቀጥ ቢያዩ፣ ከሐሜትና ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፊት ሐኪምና ስልክ ቁጥር መኖሩን ይንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚገልጠው የማይሣቅበት ቦታ ሲያገኝ ነው።

አዳራሽና የመማሪያ ክፍል ለምትመሩ ሰዎችም አንድ ነገር ልጠይቅ። ብዙዎቹ ክፍሎቻችሁ ከ12 ሰዓት በኋላ ባዶ ናቸው። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ፣ በሳምንት አንድ ማታ፣ ወንበር ብቻ ያለበት ክፍል እንድታከራዩት ይጠይቃችሁ ይሆናል። በነፃ ብትሰጡት አይቀበልም፤ መጠነኛ ኪራይ ተቀበሉት። በሩ ላይ ምልክት አትለጥፉ። ቁልፉን ሲቀበል ስሙን ይነግራችኋል። የአባቱን ስም አትጠይቁት።